እኔን ሆኖ የተወነው ሟች

በሀገራችን ስለ ፊልም የሚያወራ ሰው ሁሉ ከእኔ ሰምቶ ነው የሚያወራው። ከእኔ ሳይሰማ የሚያወራ ካለ እሱ ተሳስቷል። ወንዳፍራሽ እባላለሁ። በሲኒማ ቤታችን ደጃፍ፣ ከትኬት መቁረጫው መስኮት አጠገብ፣ እግሩ በረዘመ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማን ለየትኛው ሚና እንደሚሆን፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የትኛዋ ተዋናይት ዕድሜዋን ወደ ኋላ እንደምትቆጥር ለሕዝብ የማሳውቀው እኔ ነኝ። ሳላጋንን ልንገራችሁ፤ እኔ ሳስነጥስ ሦስት ፊልም ቀረጻ ያቆማል። አንድ ጊዜ ስለ አንዲት ተዋናይት ቅንድብ ክፉ ቃል አመለጠኝና፣ በማግስቱ በከተማው ቅንድብ ያላት ሴት ብትፈለግ አልተገኘችም።

ሀገሬን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ነገር ማስረዳት አለብኝ። እኛ ዘንድ ፊልም የሚጀመረው ከፖስተሩ ነው። መጀመሪያ ሠዓሊው ፖስተሩን ይስላል፤ ከዚያ ፊት ቤት የሚባለው መሥሪያ ቤት ፖስተሩን የሚመስል ሰው ይፈልጋል፤ ታሪኩ በስተመጨረሻ ይደርሳል። ባይደርስም ቅር የሚለው የለም። የመጨረሻው ትዕይንት ግን በአደባባይ፣ በሕዝብ ፊት ነው የሚቀረጸው። ተዋናዩ ንግግሩን ሲጨርስ ሕዝቡ «ነው!» ካለ ሚናው ጸደቀለት ማለት ነው። «አይደለም!» ካለ አንገቱን ደፍቶ ወደነበረበት ይመለሳል።

አንዴ ከጸደቀለት በኋላ ሌላ ፊልም እስኪሠራ ድረስ ሰውየው ሚናውን ሆኖ ይኖራል። ሰው በመጨረሻ ፊልሙ ይታወቃል፤ ደንባችን ይኸው ነው። ዳኛ ሆኖ የተወነ ይፈርዳል፤ ሌባ ሆኖ የተወነ ይፈረድበታል። የከተማችን ሐኪም በፊልሙ ውስጥ የነበረችው ንግግር «ዘግይታችኋል» የምትል ብቻ ነበረች፤ እስከ ዛሬም ለሚመጣው በሽተኛ ሁሉ ይህችኑ ይላል። በዚህ የተነሣ ሕዝባችን ሳይታመም ነው ሐኪም ቤት የሚሄደው፤ እንደኛ ጤናማ ሕዝብም የትም አይገኝም። አንዲት ማር የሆነች ሴት ክፉ አማት ሆና በተወነች ማግስት የሦስት ልጆቿ እጮኞች ቀለበታቸውን መልሰው ላኩ። ስለዚህ እኔ ከወንበሬ ላይ ሆኜ «እገሌ ለዚህ ሚና አይሆንም» ስል የሥራ ፈት ወሬ እንዳይመስላችሁ። ከተማ እያስተዳደርኩ ነው።

ጓንጉል ወዳጄ ነው። ሙያው አናጺነት፣ ጠባዩ ዝምታ። ጎርፍ የጎረቤቱን በጎች ጠርጎ ሲወስድ አይቶ «ዛሬ ትንሽ ረጥቧል» ያለ ሰው ነው። እኔ አበዛለሁ፣ እሱ ያሳንሳል፤ ሁለታችንን አንድ ላይ ያዳመጠ ሰው እውነቱን መሀል ላይ ያገኘዋል።

ባለፈው ዓመት ሠዓሊያችን ግንብ የተጫነው ሰው ሣለ። ከግንቡ ሥር የሚታየው እግር ብቻ ነው። ፊት ቤት እግር ሲያስስ ከርሞ የጓንጉልን አገኘ። ሚናው የአፍታ ነበር፤ ግንቡ ይወድቃል፣ እግሩ ይታያል፣ አለቀ። ግን ምን ዓይነት እግር! ዋናው ተዋናይ በሙሉ አካሉ ያልተወነውን ጓንጉል በሁለት አውራ ጣቶቹ ተወነው። ይህንኑ በአደባባይ ተናገርኩለት። ሕዝቡም አጨብጭቦ «ነው!» አለ። ጓንጉል ሞተ።

ድንኳን ተተከለ። ካስማውን የሚመታው ራሱ ጓንጉል ነበር፤ ከእሱ የተሻለ ድንኳን የሚተክል ስለሌለ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ነውር ነው፣ ሟች አይሠራም!» ብለው መዶሻውን ተቀበሉት። አልቃሿ ደረቷን እየመታች «ግንብ የማይበግረው አንበሳ!» ስትል እሱ ከጥግ ሆኖ «ይኼ እንኳ በዝቷል፤ በግሮኛል» አለ። ማንም አልሰማውም። ሟችን መስማት፣ ማየትና ሰላም ማለት እኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው።

ሟች ከሞቱ የሚነሣው ሌላ ሚና ሲያገኝ ነው። ችግሩ፣ ሟች በፊት ቤት በር ላይ መሰለፍ አይፈቀድለትም። ሙት ዓመቱ እስኪደርስ ሚና ካላገኘ እስከ ወዲያኛው ሞተ ማለት ነው፤ ባለቤቱም በወቅቱ የአፍቃሪነት ሚና ለጸደቀለት ተዋናይ ትዳራለች። ወቅቱ ደግሞ የልዑልሰገድ ነበር።

ስለ ልዑልሰገድ ያለኝን አስተያየት ከተማው በቃሉ ያውቀዋል፤ እናንተም እወቁት። መልከ መልካም ነው፤ ይህን እኔ አልክድም፣ እሱም አይክድም። ገበሬ ሆኖ ሲተውን ጥፍሩ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ረሃብተኛ ሆኖ ሲተውን ቀበቶው አልደርስ ብሎ በገመድ ታሰረ። ሲያለቅስ በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ካሜራው የት እንደቆመ ይከታተላል። ይህን ሁሉ ስናገር ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃ ትኬት ቆርጦ ይገባል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጓንጉል ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ልዑልሰገድ እቅፍ አበባ ይዞ ከተፍ አለ። ትርንጎ፣ የጓንጉል ባለቤት፣ ጥቁሯን ለብሳ ባቄላ ትፈለፍላለች። ጓንጉል በሩ አጠገብ ቆሞ የላላ ማጠፊያ ያጠብቃል። ልዑልሰገድ ኮቱን አወለቀና ጓንጉል ትከሻ ላይ ሰቀለው።

«ትርንጎዬ፣ ሙት ዓመቱ ደረሰ አይደል?»

«ኮትህን ከባሌ ላይ አንሣ።»

«ከማን ላይ?» ዙሪያውን አየ፤ ዓይኑ የትም አላረፈም። «ኀዘን ነው እንዲህ የሚያናግርሽ። ያልፋል። ስንቷን መበለት ኀዘኗን አስረስቻታለሁ መሰለሽ።»

«በአንድ ዓይንህ እያለቀስክ?»

ልዑልሰገድ ወደ እኔ ዞረ። «ይኼ ያንተ ነገር ነው።»

«የእኔ ነው፤» አልኩት ደረቴን ነፍቼ።

«ሰርጉን በመስኮቱ በኩል እናደርገዋለን፤» አለ ቤቱን እየለካ። «ብርሃኑ ለቀኝ ጉንጬ ይስማማል።»

ጓንጉል ኮቱን እንደተሸከመ «ትንሽ ከበድ ይላል» አለ። ልዑልሰገድ አበባውን አስቀምጦ፣ ኮቱን ከትከሻው ላይ አንሥቶ ሄደ። በሩን ከፍቶ ያሳለፈው ጓንጉል ነው።

በዚያው ሰሞን የፊት ቤት ኃላፊዋ እትዬ አትጠገብ አስጠሩኝ። እሳቸው ሰው ሲያነጋግሩ ባዶ የሥዕል ፍሬም በሁለት እጃቸው አንሥተው በዚያ ውስጥ አሾልቀው ነው የሚያዩት፤ ከፍሬሙ ውጭ የተረፈውን አካል ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

«ወንዳፍራሽ፣ የሕያው ሰው ታሪክ ልንሠራ ነው። ያንተን።»

«ዘግይታችኋል፤» አልኳቸው።

«ደንቡን ታውቃለህ። ባለታሪክ ጣት አለው። አንተን ሆኖ የሚተውነውን ራስህ በጣትህ ትጠቁማለህ። ሲጸድቅለት ግን ወንዳፍራሽ እሱ ነው። ሁለት ወንዳፍራሽ ለአንድ ከተማ ይበዛል።»

«አንዱም በዝቷል ይላሉ አንዳንዶች።»

«እኔም እላለሁ። ስለዚህ ወንበሩንም ስሙንም ለቀህ ሌላ ሚና እስኪገኝልህ ትጠብቃለህ።»

ምንም አልመሰለኝም። ማንን እንደምጠቁም ገና በእናቴ ሆድ ሳለሁ ወስኜ ነበራ! ልዑልሰገድን ነዋ! «ትናንት የሰደብከውን?» ብትሉኝ፣ አዎ፣ እሱኑ። ለሌላ ሚና አይሆንም፤ ለእኔ ግን በልኬ የተሰፋ ነው። በዚያ ትከሻ፣ በዚያ ጥርስ፣ በዚያ ፀጉር ወንበሬ ላይ ከተቀመጥኩ፣ እኔ ራሴ ባልኖርበት ምን ገዶኝ? ሠዓሊውም እኔ በነገርኩት መሠረት ፖስተሩን ጨርሶ ነበር፤ ደረቱ እንደ ግቢ በር የሰፋ፣ ፀጉሩ በነፋስ የሚበተን ጎልማሳ። ራሰ በራ መሆኔን አልነገርኩትም። አልጠየቀኝምም፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር።

ወሬው ትርንጎ ጆሮ ገባ። በማግስቱ ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ መጥታ ከወንበሬ ሥር ቆመች።

«ጋሼ፣ ከዚያ ውረድና እንነጋገር።»

«ከዚህም ሆኜ እሰማሻለሁ።»

«ከዚያ ላይ ሆነህ ትናገራለህ እንጂ ሰምተህ አታውቅም።»

ወረድኩ።

«ጣትህን ለጓንጉል ስጠው፤» አለች።

ሳቄ መጣ። «ትርንጎ፣ በፈጠረሽ! እኔን? ጓንጉል? እኔ ሳወራ ተራራ ይሰነጠቃል፤ እሱ ሲያወራ ትንኝ እንኳ አትነሣም። ሰልፍ ላይ መቆምም አይችልም።»

«ደንቡ ሟች አይሰለፍም ነው የሚለው። አይጠቆምም አይልም።»

ይህን እኔ ነበርኩ ማሰብ የነበረብኝ፤ ልናገረው ስል ቀደመችኝ እንጂ።

«ስሚኝ፣ ከዚህ የተሻለ መላ አለኝ። ልዑልሰገድ እኔን ሆኖ ከተወነ አፍቃሪነቱ ይቀርበታል። አንቺ ከእሱ ተገላገልሽ፣ እኔም አማረብኝ። ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጓንጉልስ?»

«ጓንጉል... እሱማ ለምዶታል።»

ትርንጎ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ በጩኸት የሚያሸንፈኝ የለም። «ትናንት ጠዋት፣» አለች፣ «ደጅ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ እንደምን አደራችሁ ይላል። አንድ ሰው አልመለሰለትም። ገብቶ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ዛሬ ሰዉ ትንሽ ቸኩሏል።›»

ዓይኔን ወደ ወንበሬ መለስኩ።

«አንተ እንኳ ቤት ውስጥ ወንድሜ ወንድሜ ትለዋለህ፤ ደጅ ሰው ካለ በአጠገቡ አልፈኸው ትሄዳለህ።»

ለዚህም መልስ ነበረኝ፤ እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን መልሴን እንደያዝኩ፣ ወንበሬ ላይ ሳልወጣ ቤቴ ገባሁ።

የመጠቆሚያው ቀን ደረሰ። የፊት ቤት ግቢ በተዋናይ ተጨናንቋል። እኔን ለመሆን የመጣው ሕዝብ ብዛት ሳላጋንን ከሦስት ወረዳ ይበልጣል። ከፊት ልዑልሰገድ ፀጉሩን እያበጠረ ቆሟል። ፖስተሩ ከጀርባው ተሰቅሏል፤ ወንድማማች ይመስላሉ። ጓንጉል ከአጥሩ ውጭ፣ በርብራቡ መሀል አንገቱን ብቅ አድርጎ ያያል።

እጄን አነሣሁ። ጣቴ፣ ይህች ምስጋና ቢስ ጣቴ፣ እኔ ሳላዛት ወደ ልዑልሰገድ ሄደች። በሌላው እጄ ያዝኳት። ትታገለኛለች። ጣትና ሰው እንዲህ ሲታገሉ በዓለም ታይቶ አይታወቅም። በመጨረሻ እየጎተትኩ ወደ አጥሩ አዞርኳት።

እትዬ አትጠገብ ፍሬማቸውን አነሡ። «ባዶ ቦታ ነው የጠቆምከው።»

«ጓንጉልን ነው የጠቆምኩት።»

«ሟች ነው።»

«አልተሰለፈማ! ተጠቆመ እንጂ።»

ግቢው ተንጫጫ። እትዬ አትጠገብ ደንቡን ለራሳቸው አነበነቡት፤ እንደገና አነበነቡት፤ የሚከለክል ነገር ጠፋ። «እሺ፤ ግን ፖስተሩን አይመስልም።»

«ፖስተሩ ይለወጣ!»

ሠዓሊው እያጉረመረመ ጓንጉልን አስቀምጦ ሣለው፤ ራሰ በራ፣ ጠባብ ትከሻ፣ ጆሮው ብቻ ከፊቱ ቀድሞ የሚሄድ። ፖስተሩ ሲሰቀል አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ «ውይ! ቁርጥ ወንዳፍራሽ!» አለ። ይህን አስተያየት ሳልቀበለው አልፌዋለሁ።

ልዑልሰገድ ግን ቂል አይደለም። በማግስቱ ፊት ቤት ሄዶ አቤት አለ። «ቢነሣም የሚነሣው ወንዳፍራሽ ሆኖ ነው፤ ጓንጉል እንደሞተ ነው። መበለቲቱ የእኔ ናት።» እትዬ አትጠገብ አሰቡና «እውነቱን ነው» አሉ።

የፊልሙ ታሪክ ጸሐፊ እንደ ልማዱ ዘግይቶ መጥቶ ስለ ሕይወቴ ሊጠይቀኝ የተቀመጠው በዚያው ቀን ነበር። ከእኔ በላይ ወንደላጤ በከተማው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ የትኛዋ ቤት ትችለኛለች? «በመጨረሻስ ምን ሆንክ?» አለኝ።

«አገባሁ።»

«መቼ?»

«በመጨረሻው ትዕይንት። ጥቁር የለበሰች መበለት። ስሟ ትርንጎ።»

ጻፈ። ከእኔ አፍ የወጣ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጠቀመ። እኛ ዘንድ የተቀረጸ ሰርግ ሰርግ ነው፤ ሕዝቡ «ነው!» ካለ ወንዳፍራሽና ትርንጎ ባልና ሚስት ናቸው፤ ልዑልሰገድም ኮቱን ይዞ ወደ ሌላ ቤት ነው። «አይደለም!» ካለ ጓንጉል ወደ ሞቱ፣ ትርንጎ ወደ ልዑልሰገድ። ሙት ዓመቱ የዚያኑ ሳምንት ነበር፤ ሌላ ዕድል የለም።

የቀረው ጓንጉልን ማሠልጠን ነው። ምጥ!

«በል፣ ‹በአንድ ቁርስ አንድ በሬ ጨረስኩ› በል።»

«ቁርስ በልቻለሁ።»

«በሬውስ?»

«በሬ አልነበረም።»

«ጓንጉል! አንተ አሁን እኔ ነህ! እኔ ስል ነበር!»

ላቡን ጠረገ። «አንድ ትንሽ በሬ።»

ይህን ሰው ከማስዋሸት ተራራ ማስተኛት ይቀላል። ለመጨረሻው ትዕይንት ስለ ሙሽራዪቱ የሚናገረውን ራሴ አዘጋጀሁለት፤ ሰባት ንጉሦች ሲለምኗት እምቢ ብላ እኔን እንደመረጠች፣ ስምንተኛው ንጉሥ በኀዘን ዙፋኑን ለበግ እንደሰጠ። እንደ ዳዊት ደገመልኝ። ሲደግመው ግን አንድም ንጉሥ ከአፉ የወጣ አይመስልም፤ ሰባቱም ጎረቤት ያሉ ሽማግሎች ይመስላሉ።

አደባባዩ በሰርጉ ቀን ጢም አለ። ከጎረቤት ሀገር ሳይቀር ሰው መጥቶ ነበር፤ ከጎረቤቱም ጎረቤት። ትርንጎ ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለብሳለች። ልዑልሰገድ ከፊተኛው ረድፍ ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ይጠብቃል። እኔ ከሕዝቡ መሀል ቆሜያለሁ፤ መድረኩ ላይ በወጣው ወንበሬ ላይ ጓንጉል ተቀምጧል፤ እግሩ መሬት አልነካም።

ካሜራው ዞረ። «ወንዳፍራሽ፣ ስለ ሙሽራህ ተናገር!» ተባለ።

ጓንጉል አፉን ከፈተ። «ሰባት...» አለና ዝም አለ። ሕዝቡ ጠበቀ። «ሰባት...» ደገመ። ንጉሦቹ ጠፍተውበታል። ከንፈሬን ነክሼ በምልክት አክሊል አሳየሁት፤ ባርኔጣ መሰለውና አናቱን ዳሰሰ። ከኋላ አንድ ሰው «ይኼ ምኑ ነው ወንዳፍራሽ?» አለ። ሌላው ተቀበለው። ጉርምርምታው እየወፈረ መጣ። «አይ...» የሚለው ቃል በአንዳንዱ አፍ ላይ ሲዘጋጅ በዓይኔ አየሁት። ልዑልሰገድ አንድ እግሩን ወደ መድረኩ አነሣ።

ትርንጎ የጓንጉልን እጅ ያዘችው። እሱም ሕዝቡንም ካሜራውንም ረስቶ ወደ እሷ ዞረ። በዚያ ትንኝ በማያስነሣ ድምፁ፣

«ዓመት ሙሉ ሞቼ ቤቷ ተቀመጥኩ፤» አለ። «አንድም ቀን ራቴን አላስቀረችብኝም። ሲቀዘቅዝ ታሞቅልኛለች። አልበላ ስል ‹ብላ እንጂ› ትለኛለች።»

ቀጥሎ አንዲት ሴት በሳቅ ፈነዳች። «ሟች ራት በላ!» ሌላዋ ተቀበለች፤ «ደግሞ ተሞቆለት!» «አልበላ ብሎ ተለምኖ!» «ኧረ የዛሬውስ ከእስከ ዛሬው ባሰ!» ሽማግሎቹ በከዘራቸው መሬቱን ይደበድባሉ፤ እትዬ አትጠገብ ፍሬማቸውን ጥለው እንባቸውን ይጠርጋሉ። «ነው! ነው! ወንዳፍራሽ ነው! ከእሱ በቀር እንዲህ የሚዋሽ የለም!» ልዑልሰገድ ያነሣትን እግር ቀስ ብሎ መለሳት። ጓንጉል ምን እንዳሳቃቸው ስላልገባው ግራ ተጋብቶ ሰላምታ ይሰጣል፤ ያየው ሁሉ እጁን እያወዛወዘ ይመልስለታል። ትርንጎ ብቻ አልሳቀችም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

እዚያው ቆሜ ስም የለሽ ሆንኩ። አጠገቤ የነበረ ሰው፣ ትናንት «ጋሽ ወንዳፍራሽ» ይለኝ የነበረ፣ ሳቁ እያንዘፈዘፈው በክርኑ ጎሰመኝ።

«ሰማኸው ወዳጄ? ከዚህ የበለጠ ውሸት ሰምተህ ታውቃለህ?»

ያን ራት ስንቱን ምሽት ከጎኑ ተቀምጬ አብሬው በልቻለሁ። ትርንጎ መጀመሪያ ለእሱ ነበር የምትቆርሰው።

«ኧረ አላውቅም፤» አልኩት።

ዕድሜዬን ሙሉ ከዋሸሁት ሁሉ አጭሩ ይኸው ነው።